አራት ስም፣ አንድ መንገድ፦ የካርቱም የኢንተርኔት መስመሮች ታሪክ

ሴፕቴምበር 25 ቀን 2013 ከሰዓት በኋላ የሱዳን ኢንተርኔት በሙሉ ሊባል በሚችል ደረጃ ጠፋ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት ሌላ ካልተባለ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መንግሥት የነዳጅ ድጎማ ካነሳ ሁለት ቀን ቢሆነው ነው። ከዋድ መደኒ የተነሳው ተቃውሞ ካርቱምንና ኦምዱርማንን አዳርሶ፣ የፀጥታ ኃይሎች በሰልፈኞች ላይ መተኮስ ጀምረው ነበር። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በዓመቱ ባወጣው ዘገባ መሠረት በዚያ ሰሞን የተገደሉት ቢያንስ 185 ሰዎች ናቸው። ኢንተርኔቱ በማግስቱ ተመለሰ። መንግሥት ግን እኔ አጠፋሁት ብሎ አላመነም።

ታሪክ አጥኚ እንዲህ ባለ ጊዜ ሰነድ ፍለጋ ይወጣል። ሰነዱም አለ። በዓለም ላይ ራሱን ችሎ የሚቆም ኔትወርክ ሁሉ «እነዚህ አድራሻዎች እኔ ዘንድ ናቸው፣ በእኔ በኩል ይደረስባቸዋል» ብሎ ለጎረቤቶቹ ያስታውቃል፤ መንገዱ ሲዘጋ ደግሞ ማስታወቂያውን ይሰርዛል። ጎረቤት ለጎረቤቱ እየነገረ ወሬው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ዓለምን ያዳርሳል። በአሜሪካ የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ራውትቪውስ የተባለው ፕሮጀክት፣ በአውሮፓም የአድራሻ መዝጋቢው ራይፕ፣ እነዚህን ማስታወቂያዎችና ስረዛዎች ከነሰዓታቸው ሲያከማቹ ከ20 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ሰነዱ ለንባብ የሚጋብዝ አይደለም፤ ቁጥር በቁጥር ላይ የተደረደረበት፣ ለማንም ተብሎ ያልተጻፈ ነው። ዋጋውም ከዚሁ ይመነጫል፤ ማንንም ለማሞገስ ወይም ለመክሰስ አልተጻፈም።

ሰነዱ ያን ቀን ስለ ሱዳን የሚናገረውን ለመረዳት ግን አራት ኩባንያዎች ካርቱም ላይ እንዴት እንደበቀሉ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሱዳቴል የተቋቋመው በ1993 ነው፤ የመንግሥት የስልክ መስሪያ ቤት ወደ አክሲዮን ኩባንያ ተለውጦ። የሱዳን የመጀመሪያው የሞባይል ኩባንያ ሞቢቴል በ1997 ሥራ ጀመረ። ኢንተርኔትም በዚያው አካባቢ ሱዳኔት በሚባል አገልግሎት ሰጪ በኩል ገባ። ተቆጣጣሪው ብሔራዊ የቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ከ1996 ጀምሮ ነበረ። አሜሪካ በ1997 መጨረሻ በሱዳን ላይ ማዕቀብ ስትጥል የምዕራብ ዕቃና ሶፍትዌር መግዛት ከባድ ሆነ። ነገር ግን አገሪቱ ነዳጅ መሸጥ ስትጀምር ገንዘብ መጣ፣ ከገንዘቡ ጋር የባሕረ ሰላጤው ባለሀብቶች መጡ። ካናር የተባለው የመደበኛ ስልክና የኢንተርኔት ኩባንያ በ2005 ገበያ ገባ፤ ትልቁ ባለድርሻ የኤምሬቶቹ ኢቲሳላት ነበር። በዚያው ዓመት አሪባ በሚል ስም የጀመረው ሌላ የሞባይል ኩባንያ በዓመቱ በደቡብ አፍሪካው ኤምቲኤን እጅ ገባ። በ2006 የኩዌቱ ኤምቲሲ የሞቢቴልን 61 በመቶ ድርሻ ከሱዳቴል በ1.33 ቢሊዮን ዶላር ገዛ፤ ቆይቶ ስሙን ዛይን አለው። ሱዳቴልም ሞቢቴልን ከሸጠ በኋላ ሱዳኒ በሚል ስም የራሱን ሞባይል አቋቋመ።

በ2006 መጨረሻ እንግዲህ በካርቱም አራት ትልልቅ አቅራቢዎች ነበሩ። እያንዳንዳቸው በዓለም አቀፉ መዝገብ የራሳቸው ቁጥር አላቸው፦ ሱዳቴል 15706፣ ካናር 33788፣ ዛይን 36998፣ ኤምቲኤን 36972። በ2004 የሱዳን ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር ያቋቋመው የምርምርና የትምህርት ኔትወርክ ሱድሬንም የራሱን 37197 አግኝቷል። የኢትዮጵያ አንባቢ ይህን ሲያነብ ትንሽ ይቀና ይሆናል። እኛ ዘንድ እስከ 2022 ድረስ የነበረው አንድ ኢትዮ ቴሌኮም ብቻ ነው። ሁለተኛ መስመር እፈልጋለሁ ያለ ባንክ የሚያገኘው ሁለተኛ መስመር ከዚያው ቤት የሚወጣ ነበር።

ካርቱም ላይ ግን ምርጫ ነበረ። አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ባንክ ወይም ዩኒቨርሲቲ ሞሪሸስ ከሚገኘው የአፍሪካ የአድራሻ መዝጋቢ አፍሪኒክ የራሱን የኔትወርክ ቁጥርና የራሱን አድራሻዎች ይወስዳል። ዓለም ተቀብሎ የሚያስተላልፈው ትንሹ ቁራሽ 256 አድራሻ ነው። ከዚያ ከሁለት አቅራቢ፣ ለምሳሌ ከካናርና ከሱዳቴል፣ መስመር ያስገባል፤ በሁለቱም በኩል ያንኑ አድራሻ ያስታውቃል። ቆፋሪ የአንዱን ፋይበር ቢበጥስ ራውተሩ ይህን አውቆ ጭነቱን ወደ ሌላው ያዞራል፤ ውጭ ያለው ደንበኛ የሚታየው ቢበዛ የጥቂት ደቂቃ መንገጫገጭ ነው። ይህን የሚያከናውነው ቢጂፒ የሚባለው ፕሮቶኮል የተጸነሰው በጃንዋሪ 1989 በቴክሳስ ኦስቲን፣ የሲስኮው ከርክ ሉኺድና የአይቢኤሙ ያኮቭ ሬክተር ምሳ ላይ ተቀምጠው በናፕኪን ላይ በሞነጫጨሩት ንድፍ ነው። ለጊዜው ተብሎ የተሠራ ነገር ነበር፤ ዛሬም ዓለም የሚሄድበት እሱ ነው።

ትንንሽ መስሪያ ቤቶች ይህን ሁሉ አያደርጉም። ሁለት ሞደም ይገዛሉ፣ ሁለቱን መስመር የሚቀበል ርካሽ ራውተር መሐል ላይ ያስቀምጣሉ። ኢሜይል ለመላክና ድረ ገጽ ለመክፈት ይበቃል። ጉድለቱ አንዱ መስመር ሲወድቅ የቢሮው አድራሻ አብሮ መቀየሩ ነው፤ ከዋናው መስሪያ ቤት ጋር የተከፈተው የተመሰጠረ ግንኙነት ይቋረጣል፣ ገንዘብ ያዢዋ የጀመረችውን ሒሳብ እንደገና ትጀምራለች። አቅሙ ያላቸው የእርዳታ ድርጅቶችና ኤምባሲዎች ጣራቸው ላይ የሳተላይት ዲሽ ይተክሉ ነበር፤ ለዲሹም ከተቆጣጣሪው መስሪያ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል። ይህችን የፈቃድ ነገር አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ቢጂፒ የሚያሳየው መንገድ የኔትወርክ ቁጥሮች ዝርዝር ነው። «ከ37197 ወደ 15706፣ ከዚያ ወደ ውጭ» ይላል። ፋይበሩ በየትኛው ቦይ እንደተቀበረ፣ በየትኛው ድልድይ እንደሚሻገር፣ ራውተሩ በየትኛው ሕንጻ ምድር ቤት እንደተቀመጠ አይናገርም። በቢጂፒ ሰንጠረዥ ላይ ሁለት የተለያየ ቁጥር የታየው መሐንዲስ ሁለት የተለያየ መንገድ ያለው ይመስለዋል።

የሱዳን ጂኦግራፊ ደግሞ ለዚህ ስህተት የተመቸ ነው። አገሪቱ ባሕር የምታገኘው በምሥራቅ ብቻ ነው፤ ኬብሎቹ የሚያርፉትም ፖርት ሱዳን ላይ ነው። ከጂዳ የሚመጣው የሳዑዲና የሱዳን ኬብል በ2003፣ ፋልኮን በ2006፣ ከደቡብ አፍሪካዋ ምቱንዚኒ ተነስቶ በምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ የሚወጣው ኢሲ ደግሞ በ2010 ሥራ ጀመረ። ኬብሎቹ ብዙ ናቸው፣ ባለቤቶቻቸውም ይለያያሉ። ከፖርት ሱዳን እስከ ካርቱም ያለው ምድር ግን ያው ነው። አጭሩ መንገድ በአትባራ በኩል 800 ኪሎ ሜትር ያህል በረሃ አቋርጦ፣ ረጅሙ በከሰላ፣ በገዳሪፍና በዋድ መደኒ ዞሮ ነው። ሁለቱም የሚያበቁት ሁለቱ አባዮች በሚገናኙባት ከተማ ነው፤ የአራቱም ኩባንያዎች ዋና ዋና ማብሪያና ማጥፊያ የነበረው፣ የተቆጣጣሪውም ጽሕፈት ቤት የነበረው እዚያው ነው።

ካርቱም ከውጭው ዓለም ስትቆረጥ ይህ የመጀመሪያ ጊዜዋ አልነበረም። ቴሌግራፍ ከግብፅ ተነስቶ ካርቱም የገባው በ1870ዎቹ ነው። እንግሊዛዊው ጄኔራል ጎርደን በፌብሯሪ 1884 ከተማዋ ሲደርስ ከካይሮ ጋር በየቀኑ ይጻጻፍ ነበር። በማርች የመሐዲ ተከታዮች ከካርቱም በስተሰሜን ሐልፋያ ላይ ሽቦውን ቆረጡት። ከዚያ በኋላ ወሬ በአብዛኛው የወጣው በልብስ ስፌት ውስጥ ተደብቀው በተላኩ ብጥስጣሽ ወረቀቶች ነበር፤ ከተማዋ በጃንዋሪ 26 ቀን 1885 እስክትወድቅ ድረስ።

ወደ 2013ቱ መዝገብ እንመለስ። በዚያ ከሰዓት የሱዳን አድራሻዎች አንዱ ኩባንያ ከሌላው ብዙም ሳይርቅ ከዓለም ሰንጠረዥ ተሰረዙ። የኢንተርኔትን ጤና ይከታተል የነበረው የአሜሪካው ሬነሲስ ኩባንያ በግብፅ ከታየው የ2011ዱ መዘጋት ወዲህ የመንግሥት ትእዛዝ የሚመስል እንዲህ ያለ ትልቅ መጥፋት እንዳላየ ያኔውኑ ጻፈ። ነገሩ አደጋ ነበር ማለት ይቻላል? አንድ አቅራቢ ብቻ ባለበት አገር ቢሆን ይቻል ነበር፤ አንድ ጀነሬተር ቢቃጠል አገር ይጨልማል። በተለያየ ኬብል ወደ ውጭ የሚወጡ፣ የተለያየ አገር ባለሀብት ያላቸው፣ በገበያ የሚፎካከሩ ኩባንያዎች በአንድ ከሰዓት ተከታትለው ሲጠፉ ግን የአደጋው ማብራሪያ አቅም ያጣል። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ የአቅራቢዎቹ መብዛት ያን ቀን ካርቱምን አላዳናትም፣ ጥፋቱ የታዘዘ መሆኑን ግን መሰከረ። ለደንበኛው ያልጠቀመው ለታሪክ ጸሐፊው ጠቀመ።

ለጥንቃቄ ያህል አንድ ነገር ልጨምር። ሰንጠረዡ ሁሉን አያይም። ኩባንያ አድራሻውን ሳይሰርዝ የሞባይል ዳታውን ብቻ ሊዘጋ ይችላል፤ ያኔ መዝገቡ ሁሉ ሰላም ይላል፣ የደንበኛው ስልክ ግን ደርቋል። ስለዚህ ከ2013 በኋላ ያሉትን መዘጋቶች ለማጥናት የትራፊክ ልኬትና የፍርድ ቤት ወረቀት መጨመር ያስፈልጋል። በሱዳን ሁለቱም አሉ፤ የፍርድ ቤቱ ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ የሚያስደንቅ ነው።

ጁን 3 ቀን 2019 ንጋት ላይ፣ ረመዳን ሊያልቅ ሲል፣ በካርቱም የጦር ኃይሎች ጠቅላይ መምሪያ ፊት ለፊት ከኤፕሪል 6 ጀምሮ በተቃውሞ ተቀምጦ የነበረው ሕዝብ በኃይል ተበተነ። ከ100 በላይ ሰዎች ተገደሉ፤ አስከሬን ከአባይ ወጣ። በዚያው ቀን የሞባይል ኢንተርኔት ጠፋ። በመጀመሪያው ሳምንት የመደበኛ መስመር ያላቸው አንዳንድ ሆቴሎችና መስሪያ ቤቶች ይሠራላቸው ስለነበር ሁለት መስመር ያላቸው ድርጅቶች የብልህነታቸውን ዋጋ አገኙ ማለት ይቻላል። ጁን 10 ግን የመደበኛው መስመርም አብዛኛው ተዘጋ። አገሪቱን ይገዛ የነበረው ወታደራዊ ምክር ቤት ቃል አቀባይ ሻምስ አልዲን ካባሺ ኢንተርኔት ለብሔራዊ ደኅንነት አስጊ ነው ብለው በይፋ ተናገሩ። በ2013 የተደበቀው ትእዛዝ በ2019 በአደባባይ ተነገረ።

አንድ የካርቱም ጠበቃ ዛይንን ከሰሰ። ክርክሩ ቀላል ነበር፦ የዳታ ክፍያ ከፍያለሁ፣ ውል አለኝ፣ አገልግሎቱን ስጡኝ። ጁን 23 ፍርድ ቤቱ ፈረደለት። ኩባንያውም ትእዛዙን ፈጸመ፤ ለእሱ ብቻ። ክሱን ያቀረበው በግሉ ስለነበር በስሙ የተመዘገበው ሲም ካርድ ተከፈተ። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ደንበኞች ባሉት ኔትወርክ ላይ ኢንተርኔት ያለው እሱ ብቻ መሆኑን ጠበቃው ራሱ ለቢቢሲ ተናግሯል። ከዚህ የምንማረው ቴክኒካዊ ነገር አለ፦ ኬብሉ ደኅና ነበር፣ ራውተሩ ይሠራ ነበር፣ የመተላለፊያው ውል ከውጭ ኩባንያዎች ጋር አልተቋረጠም። የዘጋው ከደንበኞች ዝርዝር አጠገብ ያለ አንድ መስመር ትእዛዝ ነው። እንዲህ ላለው ሁለተኛ አቅራቢ መግዛት ምንም አይፈይድም፤ ሁለተኛውም ያው ደብዳቤ ደርሶታል።

የጠበቃው ፍርድ የተሰጠው በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 16 ቀን 2011 ነው። ከዋዜማው ከሰኔ 15 ምሽት ጀምሮ፣ በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ ባለሥልጣናትና ጄኔራሎች ከተገደሉ በኋላ፣ የኢትዮጵያ ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር። የአንድ አቅራቢ አገርና የአራት አቅራቢ አገር በአንድ ቅዳሜና እሁድ ጨለማ ውስጥ ተገናኙ። ልዩነቱ በካርቱም የሚከሰስ ኩባንያ መኖሩ ነው። ጠበቃው ተመልሶ ፍርድ ቤት ቆመ፤ ጁላይ 9 ፍርድ ቤቱ ለሁሉም እንዲከፈት አዘዘና በዚያው ቀን አገልግሎቱ ተመለሰ። ጄኔራሎቹና የተቃዋሚው ጥምረት ሥልጣን ለመጋራት በቃል የተስማሙት ቀናት ቀደም ብለው ስለነበር፣ የከፈተው ፍርዱ ነው ወይስ ስምምነቱ የሚለው ያከራክራል። እኔ ሁለቱም ይመስሉኛል።

የ2021ዱ ታሪክ አጭር ነው። ኦክቶበር 25 መፈንቅለ መንግሥት ሲደረግ የሞባይል ኢንተርኔት ጠዋቱን ተዘጋ። የሸማቾች ጥበቃ ማኅበር ከሰሰ፣ ፍርድ ቤቱ ክፈቱ አለ፣ ኩባንያዎቹ ተቆጣጣሪው ከልክሎናል አሉ። ዳኛው የኩባንያዎቹ ኃላፊዎች እንዲያዙ እስከማዘዝ ደረሱ። ኖቬምበር 18 ተከፈተ።

ከኤፕሪል 15 ቀን 2023 በኋላ ያለው ግን ሌላ ዓይነት ነው። ጦሩና ፈጥኖ ደራሽ የሚባለው ታጣቂ ኃይል ካርቱም መሐል መዋጋት ሲጀምሩ ኢንተርኔትን የሚያዝ አንድ ቢሮ አልነበረም። በማግስቱ ኤምቲኤን በተቆጣጣሪው ትእዛዝ ዘጋ፤ በሰዓታት ውስጥ መልሶ ከፈተ። ከዚያ በኋላ መስመሮቹን የገደላቸው ነዳጅ ያለቀበት ጀነሬተር፣ የተመታ ሕንጻና የሸሸ ቴክኒሻን ነው። አንዱ ሲወድቅ ሌላው እየቆመ፣ ሰው ሁለት ሦስት ሲም ካርድ ይዞ ከጣራ ጣራ እየወጣ ወራት አለፉ። በዚያ ወቅት የአቅራቢ መብዛት በእርግጥ ጠቅሟል፤ ይህን መካድ ለመዝገቡ ታማኝ አለመሆን ነው።

ፌብሯሪ 2 ቀን 2024 ኤምቲኤንና ሱዳቴል አብረው ጠፉ። ፌብሯሪ 7 ዛይንም ተከተለ። የቴሌኮም ምንጮች ለዜና ወኪሎች እንደተናገሩት ፈጥኖ ደራሹ ኃይል በሚቆጣጠራቸው የካርቱም ሰፈሮች ያሉትን የዳታ ማዕከሎች ይዞ አገልግሎቱን አስቁሟል፤ ምክንያቱም በዳርፉር የተቋረጠው አገልግሎት እንዲመለስ መፈለጉ ነው ተብሏል። ቡድኑ ኃላፊነቱን አልተቀበለም። ከጦርነቱ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር የራቀችው፣ ኬብሎቹ ከባሕር የሚወጡባት ፖርት ሱዳን ራሷ ጠፋች። ደጃፏ ላይ ዓለም አቀፉ ኬብል እያለ የጠፋችው የሱዳኒ ደንበኛ ስልኩን ሲከፍት ማንነቱን የሚያረጋግጠው መሣሪያ የነበረው ካርቱም ስለሆነ ነው።

የጉዳቱን ልክ ለመረዳት ባንካክን ማወቅ ይበቃል። የካርቱም ባንክ የስልክ መተግበሪያ ነው። ጥሬ ገንዘብ ከአገር ሲጠፋ ዳቦ ሻጩም፣ አውቶቡስ ነጂውም፣ ውጭ ያለ ዘመድ የሚልከውም በባንካክ ሆነ። በየሰፈሩ ወጣቶች ያቋቋሟቸው የአስቸኳይ ጊዜ ክፍሎች የሚያስተዳድሯቸው የጋራ ማእድ ቤቶች ፉልና ምስር የሚገዙት በዚሁ በሚደርሳቸው ገንዘብ ነበር። ኔትወርኩ ሲጠፋ ብዙዎቹ ማእድ ቤቶች ምድጃቸውን አጠፉ።

ሱዳቴል ዋና መሣሪያዎቹን ፖርት ሱዳን ላይ አቋቁሞ በምሥራቅና በሰሜን በቀናት ውስጥ መመለስ ጀመረ፤ ሌሎቹም ቀስ እያሉ ተከተሉት። በተፈጠረው ክፍተት የገባው የሳተላይት ኢንተርኔት አገልግሎቱ ስታርሊንክ ነው። ዲሾቹ በኮንትሮባንድ ገቡ፤ በገበያ ዳር በሰዓት ክፍያ የሚያገናኙ ሱቆች ተከፈቱ። ተቆጣጣሪው በ2023 መጨረሻ ዲሹን ከልክሎ ነበር፣ የሚሰማው ግን አልነበረም። በ2024 የጸደይ ወራት ኩባንያው ፈቃድ ባልሰጡት አገሮች አገልግሎቱን ሊዘጋ ነው ሲባል፣ 94 ድርጅቶች ሱዳን ውስጥ እንዳይዘጋ ተማጸኑ። ለተራው ሰው ከአራቱም አቅራቢዎች የተለየ መንገድ የነበረው ይህ አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም የቆመው በአንድ የግል ኩባንያ ፈቃድ ላይ ነው።

ጦሩ ካርቱምን በማርች 2025 መልሶ ያዘ። ነገሩ ለኢትዮጵያም ቅርብ ነው፤ ከጦርነቱ በፊት፣ በ2023 መጀመሪያ ወራት፣ ኢትዮ ቴሌኮም፣ ጂቡቲ ቴሌኮምና ሱዳቴል ከጂቡቲ በኢትዮጵያ ወደ ፖርት ሱዳን የሚያልፍ የየብስ ፋይበር ለመሥራት የመግባቢያ ሰነድ ፈርመው ነበር። የኢትዮጵያ ኢንተርኔት በጂቡቲና በኬንያ ከሚወጣበት ሌላ በሱዳንም በኩል መውጫ አለው፤ ስለዚህ የካርቱም ጉዳይ የጎረቤት ወሬ ብቻ አይደለም።

አሁን አዲስ አበባ ላይም ሁለት አቅራቢ አለ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ግን በብዙ ቦታ የሚሄደው ከኢትዮ ቴሌኮምና ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል በተከራየው ማማና ፋይበር ነው። ስለዚህ ለመስሪያ ቤታችሁ ሁለተኛ መስመር ልትዋዋሉ የምትቀመጡ የባንክና የዩኒቨርሲቲ ኃላፊዎች፣ ከዋጋውና ከፍጥነቱ በፊት የሁለቱ ፋይበር መንገድ በካርታ ይቅረብላችሁ፤ የትኛው ሕንጻ እንደሚገባ፣ የትኛው ቦይ እንደሚጋራ በውሉ ላይ ይጻፍ።